ስድስት ሰዓት መንገድ ለአንድ ውሻ ልብ

በኮቪድ ወረርሽኝ ገደብ ጊዜ የደረሰኝ ደብዳቤና ያኔ የጻፍኩት መልስ ይህ ነው፦

«ውሻዬ ቡቺ 11 ዓመቱ ነው። የልብ በሽታ አለበት፣ ፒሞቤንዳን የሚባል ክኒን ጠዋትና ማታ ይወስዳል፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ልቡን በአልትራሳውንድ የሚያይለት ሐኪም ያለው በመኪና ስድስት ሰዓት ርቆ ነው። በየስድስት ወሩ እወስደዋለሁ። አሁን ቀጠሮው ደርሷል፣ ግን በኮቪድ ምክንያት መንገዱ ላይ ኬላ አለ፣ ሰዓት እላፊም ታውጇል። ክሊኒኩ ደግሞ ውሻውን በር ላይ ተቀብለን እናስገባዋለን፣ አንቺ መኪና ውስጥ ትጠብቂያለሽ ብሎኛል። አብራኝ የምትኖረው እናቴ አስም አለባት። ወንድሜ ‹ሰው እየሞተ አንቺ ለውሻ ይህን ሁሉ መንገድ ትሄጃለሽ? ውሻውም ቫይረሱን ይዞብን ይመጣል!› ብሎ ጮኸብኝ። ቡቺን ካለፈው ሳምንት ወዲህ ማታ ማታ ትንሽ ያስለዋል። ብቀር ቡቺን የገደልኩት ይመስለኛል፣ ብሄድ እናቴን። ምን ላድርግ? ሁለት ልብ የሆንኩ ነኝ።»

ሁለት ልብ ለሆንሽው እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔ የወንድምሽ ንግግር ላይ ቀረ። ሁለተኛ ሳነበው ግን አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «ማታ ማታ ትንሽ ያስለዋል» ብለሻል። ስለ ኬላው፣ ስለ ሰዓት እላፊው፣ ስለ ወንድምሽ ብዙ ጻፍሽ፤ ይቺን ግን ጣል አድርገሽ አለፍሽ። ልሂድ ወይስ ልቅር ለሚለው ጥያቄሽ መልሱ ያለው ቡቺ ደረት ላይ ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት እሱን እንይ።

ዛሬ ማታ ቡቺ ጥሩ እንቅልፍ ሲወስደው አጠገቡ ቁጭ በዪ። ስልክሽ ላይ ሰዓት ያዢ። ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ብለሽ ቁጠሪ። አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፣ ወይም 30 ሰከንድ ቆጥረሽ በሁለት አባዢው። ሞቆት እያለከለከ ከሆነ ወይም በሕልሙ እግሩን እያወራጨ ከሆነ ተዪው፣ ሲረጋጋ ትመለሺበታለሽ። ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፊው። ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ30 በታች የሚተነፍስ ውሻ ሳንባው ደህና ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ደጋግመሽ ስትቆጥሪ ከ30 በላይ ከሆነብሽ ግን ሳንባው ውስጥ ውሃ መጠራቀም ጀምሮ ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ቀን ለሐኪም ይደወላል።

ለምን ሳሉን ትተሽ ትንፋሹን ቁጠሪ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። ትናንሽ ውሾች ሲያረጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዛቸው የልብ በሽታ በግራ በኩል ያለው የልብ ቫልቭ እየወፈረ በደንብ መግጠም ሲያቅተው የሚመጣ ነው። ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የላይኛው የልብ ክፍል ይሰፋል። የሰፋው ልብ አጠገቡ ያለውን የአየር ቧንቧ ሲጫነው ውሻው ሳንባው ውስጥ ጠብታ ውሃ ሳይኖር ሊያስለው ይችላል። ውሃው እውነትም መጠራቀም ሲጀምርም ሊያስለው ይችላል። ቤት ውስጥ ሳሉን ሰምቶ ይህኛው ነው ያኛው ነው ማለት አይቻልም። ሳንባ ውስጥ ውሃ ሲገባ ግን ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ብዙ ጊዜም ሌላው ምልክት ከመታየቱ በፊት። የልብ ሐኪሞች ራሳቸው ባለቤቶችን ቤት ውስጥ ቁጠሩ የሚሉት ለዚህ ነው። መሣሪያ አይፈልግ፣ ኬላ አያቆመው።

አሁን ወደ ጉዞው እንምጣ። ቀጠሮ ማለት በሽታ ማለት አይደለም። በየስድስት ወሩ የሚለው የተያዘው መንገዱ ክፍት በነበረበት ጊዜ ነው። ሐኪሙ ዘንድ ደውዪና በቀጥታ ጠይቂ፦ «ይህ አልትራሳውንድ ለሁለት ሦስት ወር ቢዘገይ ምን ይቀየራል? ውጤቱ መድኃኒቱን ይቀይረዋል ወይ?» የሚቀይረው ነገር ከሌለና ትንፋሹም ደህና ከሆነ ጉዞው ሊቆይ ይችላል። ስለ ሳሉ ሳትነግሪያቸው ግን እንዳትጠይቂ። ሳሉን ደብቀሽ «ይቆይ» ከተባልሽ ያ መልስ ለቡቺ አይሆንም። ሲያስለው ቪዲዮ ቅረጪና ላኪላቸው፣ ከቁጥሩ ጋር።

ከዚያ ደግሞ ሥራውን ከፋፍዪው። የዚያ ሐኪም እጅ የግድ የሚያስፈልገው ለልብ አልትራሳውንዱ ነው። ሌላው ግን? የደረት ራጅ በቅርብ ያለ ክሊኒክም ያነሳል። ለኩላሊትና ለፖታሲየም የሚታየውን ደም በቅርብ ያለ ክሊኒክም ይቀዳል። ክብደቱን ሌላ ሰው ይመዝነዋል፣ ደም ግፊቱንም ሌላ ሰው ይለካዋል። ውጤቱንና ፎቶውን ለልብ ሐኪሙ ልከሽ በስልክ ትነጋገራላችሁ። ከወረርሽኙ በፊት ይህ ለብዙ ክሊኒክ አይዋጥለትም ነበር፣ አሁን ግን ተለምዷል። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ራሱ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. የእንስሳት ሐኪሞች በርቀት እንዲሠሩ ብሎ በአካል የማየት ግዴታውን ለጊዜው አላልቶ ነበር። በብሪታኒያም ሐኪሞቹ እንስሳውን በአካል ሳያዩ መድኃኒት እንዲያዙ በጊዜያዊነት ተፈቅዶላቸው ነበር። አንቺ ባለሽበት ደንቡ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ለሁለቱም ክሊኒኮች ይህንኑ ጥያቄ አንሺላቸው።

እኔን ከቀጠሮው መዘግየት ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው፣ ክኒኑ። ቡቺ የሚወስደው ፒሞቤንዳን ልቡ ከሰፋ በኋላ፣ የልብ ድካም ምልክት ከመምጣቱ በፊት የሚጀመር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ይህ መድኃኒት እንደ ቡቺ ላሉ ውሾች የልብ ድካሙን በአማካይ 15 ወር ገደማ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ለ11 ዓመት ውሻ 15 ወር ማለት ምን ያህል ዕድሜ እንደሆነ አስቢው። አንድ አልትራሳውንድ ቢያመልጠው ሌላ ቀን ይታያል። ክኒኑ መንገድ ተዘግቶ ሁለት ሳምንት ቢቋረጥበት ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በቀጥታ ልቡ ላይ ነው። ዛሬ ቁጠሪው፣ ስንት ቀረ? ከአንድ ወር በታች ከሆነ የነገው የመጀመሪያ ስልክሽ ስለ ማዘዣው ይሁን። ክኒኑ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲሰጥ ይሻላል፤ ይህን ካላወቅሽ ከዛሬ ጀምሪ።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማወራው። ገደቡ በወጣ ሰሞን ወንድ ድመት ነበረኝ። አንድ ማታ አሸዋው ላይ እየወጣ እየወረደ ማማጥ ጀመረ። ሆድ ድርቀት መሰለኝ። ደግሞም መሽቶ ነበር፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ የሚሰጠው ጠዋት ነው፣ ስለዚህ ጠበቅኩ። ጠዋት ሲነጋ ተኝቶ እየጮኸ አገኘሁት። ሽንቱ ነበር የተዘጋበት። ወንድ ድመት ሽንት ሲዘጋበት ፖታሲየም በደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ ልቡን ያቆመዋል፣ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል፣ እኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ የባሰውን ስህተት ሠራሁ። የማውቀውን ክሊኒክ ብዬ ሁለት ቅርብ ክሊኒኮችን በመንገዴ አልፌ አራት ሰዓት ነዳሁ። ደርሼ በር ላይ ተቀበሉኝና ይዘውት ገቡ፣ እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ፣ ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። ሐኪሟ ማደንዘዣ ለመስጠት ፈቃዴን ስትፈልግ ደውላ አጣችኝ። ሠራተኛ ልካ መኪናዎቹን አንድ በአንድ እያየ እስኪያገኘኝ ድረስ 40 ደቂቃ ሄደ። ድመቱ ተረፈ። ካቴተር የሚባል የሽንት ማስወጫ ቀጭን ቱቦ ገብቶለት ሦስት ቀን ቆየ፣ ኩላሊቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ያን ሌሊት ለአንድ ሐኪም ስልክ ደውዬ ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ «አሁኑኑ ቅርብ ወዳለው ውሰደው» ትለኝ ነበር።

ስለዚህ ይቺን አጥብቀሽ ያዢ። ቡቺ አፉን ከፍቶ ለመተንፈስ የሚታገል ከሆነ፣ ድዱ ወይም ምላሱ ወደ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ካዘነበለ፣ ራሱን ስቶ ከወደቀ፣ መተኛት አቅቶት አንገቱን ዘርግቶ ከተቀመጠ፣ ስድስት ሰዓት አትነጂ። ትንፋሽ ያጠረው ውሻ ስድስት ሰዓት መንገድ ላይ ሊሞት ይችላል። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ጎበዝ የልብ ሐኪም አይደለም፣ ኦክስጅንና ውሃውን የሚያስወጣ መርፌ ያለው ቅርብ ክሊኒክ ነው። መጀመሪያ ይረጋጋ፣ ከዚያ ስለ ሩቁ ሐኪም ታስቢያለሽ። ዛሬ ደህና ሳለ ቅርብ ያሉትን ክሊኒኮች ደውለሽ ጠይቂ፦ ኦክስጅን አላችሁ? ፉሮሴማይድ የሚባለው ውሃውን የሚያስወጣ መድኃኒት አላችሁ? ሌሊት ማን አለ? ወረርሽኙ ሲጀምር በአንዳንድ አገር የእንስሳት ክሊኒኮች የመተንፈሻ መሣሪያቸውን ለሰው ሆስፒታል አበድረዋል። ስለዚህ «ነበራቸው» ብለሽ አትተማመኚ፣ አሁን እንዳላቸው አረጋግጪ። ስልካቸውን ጽፈሽ እናትሽ በምታየው ቦታ ለጥፊው።

እሺ፣ ደውለሽ ሐኪሙ «አይ፣ ሳሉ ካለ ማየት አለብኝ» ቢልሽስ? ያኔ ትሄጃለሽ፣ ያለ ጸጸት። የሚከተለው ለዚያ ቀን ነው።

ወረቀቱን አስቀድሚ። በብዙ አገር የእንስሳት ሕክምና ከገደቡ ውጪ ተደርጓል፣ ነገር ግን አንዳንዱ ቦታ ድንገተኛ ሕመም ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ አንዳንዱም በራስ ክልል ውስጥ ፈቅዶ ወደ ሌላ ክልል መሻገርን ይከለክላል። ከክሊኒኩ የቀጠሮውን ቀንና ሰዓት፣ የውሻውን ስም፣ የሕመሙን ዓይነት የያዘ ደብዳቤ በስልክሽ ይላኩልሽ፣ አትመሽም ያዢው። የሐኪሙ ስልክ በደብዳቤው ላይ ይኑር፣ ኬላ ላይ ያለው ሰው ከፈለገ ራሱ ይደውል። ያልሆነውን ድንገተኛ ነው ብለሽ አትዋሺ። እውነቱ ይበቃሻል፣ ደግሞም ውሸቱ የሚጎዳው ከኋላሽ እውነተኛ ሕመም ይዞ የሚመጣውን ሰው ነው። ሰዓት እላፊው ከመግባቱ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለሽ ቤት እንድትገቢ አድርገሽ ወደ ኋላ አስቢው። 12 ሰዓት መንዳት ከመጠበቁ ጋር በአንድ ቀን ካልሆነ፣ ውሻ የሚያስገባ ማደሪያ ሳትይዢ እንዳትነሺ።

ውሃ አትከልክዪው። ይህን በጉልህ ልናገረው፣ ምክንያቱም ደግ ሰዎች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግር ብለው ከማታ ጀምሮ ውሃ ይከለክላሉ። ሐኪሙ ሳሉን አይቶ ፉሮሴማይድ ቢጀምርለት ደግሞ ይብሳል፤ ይህ መድኃኒት ሽንት የሚያበዛ ስለሆነ ውሻው በብዛት ይጠማል። ውሃ ካጣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል። ለመንገዱ ብለሽ አንድ ክኒን መዝለልም እንዲሁ አይሆንም፣ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ከፈለግሽ ሐኪሙን ጠይቂ። በየሁለት ሰዓቱ ቁሚ፣ በማሰሪያ አውርጂው፣ ይሽና፣ ይጠጣ። ሰው የማይበዛበት ቦታ ምረጪ። ምግብ ከመነሳትሽ ሦስት አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ትንሽ ብቻ ስጪው፣ ጨው ያለበት ነገር አይንካ። መኪና የሚያጥወለውለው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪና መድኃኒት ይዘዙልሽ። ከሰው መድኃኒት ሣጥን ግን ምንም አታንሺ። አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ማስታገሻ ነው ብለሽ የምትሰጪው ነገር እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሕመም ይጨምርልሻል።

ክኒኑን ለአንድ ቀን ሳይሆን ለሳምንት የሚበቃ ያዢ። መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ጭንሽ ላይ አታስቀምጪው። የኋላ ወንበር ላይ ደረቱን በሚይዝ ማሰሪያ፣ ወይም በመያዣ ሣጥን ይሁን።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሙቀቱን ተጠንቀቂ። መኪና ውስጥ መጠበቅ ማለት በዚህ ዘመን አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል፣ መስኮት ጥቂት መክፈትም ብዙ አይረዳም። ጤነኛ ውሻም አይችለውም፣ ልቡ የደከመውማ እንዴት ይችላል? ስትደርሺ ደውለሽ «ስንት ሰው ከፊቴ አለ?» በዪ። ጥላ ፈልጊ፣ ሞተሩን አስነስተሽ ማቀዝቀዣውን ክፈቺ፣ ወይም ከመኪናው ወርደሽ ዛፍ ሥር ጠብቂ። «በሙቀት አይችልም፣ ሲደርሰን ወዲያው ውሰዱት» ብለሽ ለመናገር አትፈሪ። እንደ ጥጋብ የሚቆጥርብሽ የለም።

ለበር ላይ ርክክቡ አንድ ወረቀት አዘጋጂ። አንድ ገጽ ብቻ። የክኒኑ ስምና መጠን፣ የመጨረሻው የተሰጠበት ሰዓት፣ የትንፋሹ ቁጥሮች ከነቀናቸው፣ ሳሉ መቼ እንደጀመረ፣ የምግብ ፍላጎቱ፣ እና ሦስት ጥያቄዎችሽ። ቡቺን የሚቀበልሽ ሰው ሐኪሙ ላይሆን ይችላል፣ በቃል የነገርሽው ደግሞ በር ላይ ይቀራል። ስልክሽ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ፓወር ባንክ ያዢ፣ ስለ እኔ ያነበብሽው ይበቃሻል። ድምፁን ክፈቺ። ከዚያ አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠይቁሻል፦ «ልቡ ቢቆም ለማስነሳት እንሞክር?» ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፣ የሞተበት ይመስለዋል። አልሞተም፣ ሁሉንም የሚጠይቁት ነው። መልሱን ግን ቤትሽ ሆነሽ፣ በረጋ ልብ አስቢበት።

ሌላም አለ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፣ ባልጽፈው ግን አልወድም። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል። ለእንስሳም እንዲሁ ነው። የዚህ ወረርሽኝ ትልቁ ጭካኔ ሰውም እንስሳም ብቻውን መሞቱ ነው። ገና ስትደውዪ ጠይቂ፦ «የመጨረሻው ሰዓት ከመጣ አብሬው እንድሆን ትፈቅዳላችሁ?» ሰው የማያስገቡ ብዙ ክሊኒኮች ለዚህ ጊዜ ብቻ አንድ ሰው በማስክ ያስገባሉ፣ ወይም ውጪ ዛፍ ሥር ብርድ ልብስ አንጥፈው ያደርጉታል። መልሳቸው በፍጹም አይሆንም ከሆነ ያንን አሁን ማወቅሽ ይሻላል። እንዲያውም ቡቺ በጣም ቢደክም ያን ሁሉ መንገድ ወስደሽ በማያውቀው ሰው እጅ ከምታስረክቢው፣ ቅርብ ያለ ሐኪም ቤትሽ መጥቶ አንቺ ራሱን ይዘሽለት ቢያርፍ የተሻለ ይመስለኛል። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው። ዛሬ ቡቺ እዚያ ደርሷል ማለቴም አይደለም።

አሁን ወደ ወንድምሽ። የተናገረሽ ሁለት ነገር ነው፣ አንዱ ልክ አይደለም፣ ሌላው ልክ ነው።

ልክ ያልሆነው «ሰው እየሞተ ለውሻ» የሚለው ነው። አንቺ ቡቺን ስለተንከባከብሽ ከማንም ሰው የተወሰደ እንክብካቤ የለም። 11 ዓመት በር ላይ እየጠበቀ የተቀበለሽን ፍጥረት ትንፋሽ ሲያጥረው ማየት የማትችዪ መሆንሽ ለሰው ልብ የለሽም ማለት አይደለም። በዚህ አትሸማቀቂ። ውሻው ቫይረሱን ይዞ ይመጣል ያለውንም በተመለከተ፣ ውሾችና ድመቶች ከባለቤቶቻቸው ሊያዙ እንደሚችሉ ታይቷል። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ብሮንክስ ባለው የእንስሳት ማቆያ አንዲት ነብር ሳትቀር ተገኝቶባታል። ነገር ግን በሽታው በዋነኛነት የሚዛመተው ከሰው ወደ ሰው ነው፤ የቤት ውሻ ለሰው ያስተላልፋል የሚባለው ስጋት በጣም ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ስትመለሺ ቡቺን በበረኪና ወይም በአልኮል እንዳትጠርጊው። ቆዳውን ያቃጥላል፣ ሲልሰውም ይመርዘዋል። በውሃና በውሻ ሻምፑ እግሩን ማጠብ በቂ ነው። ማስክም አታድርጊለት።

ልክ የሆነው ግን «ይዞብን ይመጣል» ሲል ስለ እናትሽ የፈራው ነው። ወንድምሽ በጩኸት ተናገረው እንጂ ፍርሃቱ እውነት ነው። ስጋቱ ያለው ቡቺ ላይ ሳይሆን አንቺ ላይ ነው። ነዳጅ ስትቀጂ፣ ኬላ ላይ መስኮት ስታወርጂ፣ ሽንት ቤት ስትገቢ። ስለዚህ ለወንድምሽ ከመመለስሽ በፊት ይህን ዕቅድ ይዘሽ ቅረቢ፦ ብቻሽን ትነጃለሽ፣ ምግብና ውሃሽን ከቤት ትይዣለሽ፣ ማስክሽን አታወልቂም። ስትመለሺ እስከ 14 ቀን ከእናትሽ የተለየ ክፍል ትተኛለሽ፣ አብረሽ አትበዪም፣ ቤት ውስጥም ማስክ ታደርጊያለሽ፣ መስኮት ይከፈታል። የተለየ ክፍል ከሌለ እናትሽ ለዚያ ጊዜ ወንድምሽ ጋ ትሁን። ይህን እሱን ጠይቂው። ለእናቱ የተጨነቀ ልጅ ይህን እምቢ የሚል አይመስለኝም፣ አንቺም በጩኸቱ ውስጥ የሰጋውን ነገር እንደሰማሽው ያያል። አንቺ ራስሽ ትኩሳት ወይም ሳል ከጀመረሽ ደግሞ በፍጹም እንዳትሄጂ። ክሊኒኩ ቀድሞ ይወቅ፣ ሌላ ሰው ይውሰደው፣ ያንቺን የፈቃድ ደብዳቤና ያቺን አንድ ገጽ ይዞ። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ዛሬ ብታስቢበት ጥሩ ነው።

«ብቀር ቡቺን የገደልኩት ይመስለኛል» ያልሽው ልቤን ነካው። ቡቺን ያመመው ቫልቩ ነው። አንቺ በየስድስት ወሩ 12 ሰዓት እየነዳሽ ነው እዚህ ያደረስሽው። ያ ሁሉ መንገድ ያንቺ ነው፣ አንድ ዙር ቢቀር አይሰረዝም።

ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ሌሊት ቁጠሪ። የነገ ጠዋቱ ስልክ ግን ሦስቱን ሌሊት አይጠብቅ፣ ሳሉ ሳምንት ሆኖታልና። የዛሬውን ቁጥርና የሳሉን ቪዲዮ ይዘሽ ለልብ ሐኪሙ፣ ከዚያ ቅርብ ላለው ክሊኒክ ደውዪ። ራጁን በዚህ ሳምንት ያንሱለት። ቁጥሩን ለእኔም ጻፊልኝ።